ከአስር አንዱ

ቁጥሩ የተቀየረው በጥቅምት ነው። ጓንቶቹ ግን ጭልቃ መንደር የደረሱት ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነበር። ለተማሪ ሁሉ አንድ አንድ ጥንድ ታደለ። ጓንቱ በየእጁ ስምንት ስምንት ጣት አለው። ልጆቹ አምስት ጣታቸውን ይከቱና ሦስቱ ባዶው እንደ ፍየል ጡት ይንጠለጠላል። በዚያ ነው የሚቆጥሩት። ዘጠኝ ካሉ በኋላ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ይሉና አስር ይላሉ። አስር የሚሉት ድሮ አስራ ስድስት የነበረውን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወዲያው ደግሞ ለመዱት። ጓንቱን አጥበው አጥር ላይ ያሰጡታል፤ ነፋስ ሲመታው ስምንት ጣቱን ለመንገደኛ ያወዛውዛል፤ ዞሮ የሚያየው የለም።

ለምን ተቀየረ ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። የቀበሌው ሰው መልሱን ይዞ መጣ። ሁሉን የሚያሰሉት መኪኖች ድሮም የሚቆጥሩት በራሳቸው ቁጥር ነው፤ ለሰው ሲባል ሁሉን እየመለሱ በአስር ማሳየት መብራት ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ እነሱ ወደ ሰው አይመጡም፣ ሰው ወደነሱ ይሂድ ተብሏል አለ። ከዚህ በላይ አልተብራራም። የሰዓቱ መልክ ተቀየረ፣ የሚዛኑ ድንጋይ ተቀየረ፣ የሰው ዕድሜ ተቀየረ።

አንጓች ሃምሳ ዓመቷ ነው። አዲሱ መታወቂያዋ ግን ሰላሳ ሁለት ይላል፤ ሃምሳ በአዲሱ ሲጻፍ እንደዚያ ነው የሚወጣው። ጎረቤቷ ልጅአለም ነገር የማያሳልፍ ሰው ነውና ይህን ያየ ዕለት ሽማግሌ ልላክብሽ ነው አላት። እሷም ላክ፣ ግን ሚስትህም ልጃገረድ ሆና ቆይታሃለችና መጀመሪያ እሷን አስፈቅድ አለችው። እንዲህ እየሳቁ ነው የገቡበት።

ጭልቃ ከወንዙ የተጠለፈች አንዲት ቦይ አለቻት። በቦይዋ ዳር አስር አባወራ አለ። የመጀመሪያዋ ሙሽሪት ናት፤ ልጅአለም መሀል ላይ ነው፤ የመጨረሻዋ፣ የቦይዋ ጭራ፣ አንጓች ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ሩቅ ተድረዋል፤ መሬቱ ከእናቷ የወረደ ነው። ዘንድሮ ሽንኩርት ነው የተከለችው። ሽንኩርት ደግሞ ራስ መቋጠር ሲጀምር ውሃ ከጎደለበት ጅራፍ ሆኖ ይቀራል።

ድሮ ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ነበሩ፤ አያ መከተ። በቦይዋ ራስ ላይ በትራቸውን ይተክላሉ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሯል፤ የበትሩ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲደርስ የአንዱ ተራ አልፎ የሌላው ይገባል። አስር ሰው፣ አስር ተራ። ጥላ አይበደርም፣ ጥላ አያዳላም ይሉ ነበር። ሕጉም አንድ ነው፤ የአንዱ ተራ ሳያልቅ የሌላው አይጀምርም። የሙሽሪት አማች ውሃ እየመራ ትልም ላይ ወድቆ የሞተ ዕለት ጎረቤቶቹ ሬሳውን አንስተው ወሰዱት፤ ውሃውን ግን ማንም አልነካውም። ጥላው ድንጋዩ ላይ እስኪደርስ በሟቹ መሬት ላይ ዝም ብሎ ሲፈስ ዋለ። የጭልቃ ሰው ይህን ለልጁ ሲነግር ኩራት ነው።

የብረቱ በር የመጣው ከቁጥሩ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። የተከሉት ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ። የናንተን ሕግ ነው የምናስተምረው፣ የራሳችን የለንም አሉና ሽማግሌውን በሩ ፊት አቆሙ። አያ መከተ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለብረቱ ሕጉን ተናገሩ። በሩ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል፣ የባለተራውን ስም ይጠራል። ሰዉ በረኛው አለው። አያ መከተ በትራቸውን ቤታቸው ጥግ አቆሙት። ሲያስቡት እፎይታም ነበር፤ ከጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ የሚወድ ማን አለ።

ቁጥሩ በተቀየረ ማግስት በረኛው ጠዋት እንደ ልማዱ ጤና ይስጥልኝ አለና ቀኑ ለአስር መከፈሉን ተናገረ፤ በአዲሱ አስር ማለቱ ነው፣ በድሮው አስራ ስድስት። የእያንዳንዱ ባለድርሻ አንድ እጅ፣ ባለድርሻዎቹ ሀ፣ ይኸውም የድሮው አስር፣ ቀሪ ስድስት እጅ አለ። ቀሪው ባለቤት ስለሌለው ወደ ታችኛው ቋት ይወርዳል አለ።

ታችኛው ቋት ከሸለቆው ግርጌ ነው። እዚያ መስኮት የሌላቸው ረጃጅም ቤቶች አሉ። ውስጣቸው መኪኖቹ ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ ይግላሉ፤ ሲግሉ ውሃ ይፈልጋሉ። እንዲህ ነው።

ላይ ላሉት ነገሩ ያን ያህል አልከፋም። ሙሽሪት ውሃው አፍንጫዋ ስር ነው፤ ቢያንስም ይደርሳታል። አንጓች ጋ ግን ከመድረሱ በፊት ቦዩ ራሱ ይጠጣዋል። ድሮ በተራዋ ማሳዋን አጥግባ ታጠጣው የነበረችው ሴት፣ አሁን ውሃው ከመሬቷ ጫፍ ደርሶ ሁለት ሦስት ትልም እንዳራሰ በረኛው ተራሽ አልቋል ይላታል። በጥር አጋማሽ የማሳዋ ግማሽ ቢጫ ሆነ። በመጋቢት ደግሞ ሰማይ ቆጣሪው፣ በሰማይ እየዞረ መሬት የሚቆጥረው መኪና፣ ያልፋል። ሰማይ ቆጣሪው ከላይ ሆኖ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ነው ወይስ አይደለም። አረንጓዴ ያልሆነ መሬት ጦም ያደረ ተብሎ ከባለቤቱ ይወሰድና ወደ ሰፊው እርሻ ይገባል። አምና የማዶዎቹ መሬት እንዲህ ሄዷል። ክርክር የለውም፤ ሰማይ ቆጣሪው አይሰማም፣ የሚያይ ብቻ ነው።

አንጓች ለጎረቤቶቿ ነገረቻቸው። እነሱም አዘኑላት፤ ማዘን ይችላሉ። ልጅአለም ከእኔ ተራ ትንሽ ልስጥሽ ቢላት በሩ አይሰጥም፤ የእሱ ተራ የእሱ ነው። አያ መከተ ግን ሌላ አሉ።

«ከአስር አንዱ ያንቺ ነው። አባቶቻችን የተማማሉበት ነው። ጎዶሎ ተቀብለሽ እንዳትመጪ» አሏት።

እሷም ልቧ ከዚያው ነበር። አንጓች አንዴ እንቢ ካለች በሬም አይጎትታት ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ስድብ ነው ብላ አታውቅም።

ከተማ ያለው ቢሮ አንድ ክፍል ነው። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ናቸው፤ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰራተኛዋ ኤልዳና የምትባል ልጅ ናት፤ ዓይኗ የደከመ፣ አፏ ያልከፋ። አንጓችን አስቀምጣ ጉዳይዋን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ጭራ ላይ መሆኗን፣ ሽንኩርቱን፣ ሰማይ ቆጣሪውን። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። እናንተ በአዲሱ አስር አይደላችሁም፣ ሀ ናችሁ አለቻት። ቀኑን ለሀ ሰው ሲያካፍሉት በአዲሱ ቁጥር ልክ አይወጣም። ነጥብ አንድ ይልና ዘጠኝ ይላል፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ እንደዚያ እያለ ይሄዳል። መኪናው ስለዚህ አንዱን ያዘና የቀረውን ዘጠኝ ሁሉ ቆርጦ ጣለው። የተጣለው ነው ቀሪ የሆነው።

አንጓች ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የዶማ እጅ ነው፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አፈር አለ።

«ይኸው አስር ጣት። አንዱን ብትቆርጪው አንድ ነው የሚወድቀው። ምኑ ነው የማያልቀው?»

«ጣትዎ አላልኩም እናቴ። አጻጻፉ ነው የማያልቀው።»

«እኔ ጻፉልኝ አላልኩሽም። ውሃውን ስጡኝ ነው ያልኩሽ።»

ኤልዳና ሳቀች፤ የሳቀችው ግን ለማላገጥ አልነበረም። ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ መንገድ አለ አለቻት። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ተኩል እጅ ይሁን ብለው ይጠይቁ፤ ተኩል በአዲሱ ቁጥር ልክ ይወጣል፣ መኪናው ይቀበለዋል። ከድሮው ድርሻዎ ትንሽ ነው የሚያንሰው። አንድ እጅ ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። እርስዎ ለቦዩ ሁሉ መጠየቅ ይችላሉ፤ አንድ ሰው ከጠየቀ ይበቃል።

አንድ ተኩል ማሳዋን ያተርፍላት ነበር። አንጓች ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ውሃ ስታጠጣ የኖረች ሴት ናት፤ በዓይኗ ለካችው፤ ጭራው ድረስ ይደርስ ነበር። ግን ትንሽ ያንሳል የሚለው ቃል አልጣማትም። ዛሬ ትንሽ ያንሳል፤ ያ ትንሽ ደግሞ ታች ይወርዳል፤ የወረደ ነገር ተመልሶ ሲወጣ አይታ አታውቅም። አያ መከተ ያሏትም አለ። አምጡ የምለው የራሴን ነው፣ ምጽዋት አይደለም አለች። ልክ ድርሻ የሚባል ነገር የለም ወይ ብላ ጠየቀች።

አለ፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውም እንጂ አለች ኤልዳና። መኪናው ምንም ሳይቆርጥ፣ ምንም ሳይጥል ድርሻውን እስከ መጨረሻው ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ በሩን ይከፍታል።

«እሱ ነው የኔ። እሱን አድርጊልኝ» አለች አንጓች።

«አያልቅም እኮ ነው የምልዎት እናቴ።»

«ይሁን፣ እጠብቃለሁ።»

«አያልቅም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንጓች አያልቅም የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ በየቢሮው ሰምታዋለች። የመሬቷን ማረጋገጫ ልታወጣ ስትመላለስ ዛሬ አያልቅም ተብላለች፣ በዚህ ወር አያልቅም ተብላለች፣ የሚፈርመው ሰው የለምና አያልቅም ተብላለች። ሁሉም አልቋል። ደጅ የጠናውን ሰው በመጨረሻ ይሰለቹታል፣ ይጨርሱለታል። የቢሮ አያልቅም ማለት ነገ ተመለሽ ማለት ነው፣ ወይ ሂጂልኝ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የጭልቃ ሰው የለም። እናም ልጅቷ ሁለተኛ ስትናገር አንጓች ወንበሯን ይበልጥ አደላድላ ተቀመጠች።

ኤልዳና ዓይኗን አሸት አደረገች። ከዚያ መቀበያውን አስጠጋችላት። አንጓች አፏን ወደ ብረቱ አድርጋ ከድሮው አስር አንዱን፣ ሳይጎድል፣ ሳይተርፍ፣ ለአስራችንም አለች። የአውራ ጣቷን አሻራ ሰጠች። ወጥታ በመስኮቱ ስታልፍ ልጅቷን አየቻት። ኤልዳና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በገዛ ጣቶቿ፣ በድሮው፣ አንድ አንድ እያለች የሆነ ነገር ትቆጥር ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰው ያየኛል ብላ አላሰበችም።

ጭልቃ ስትደርስ ወሬው ደስ አሰኘ። ሙሽሪት ጠላ ቀዳች። አያ መከተ አንጓችን ግንባሯን ስመው ወንድ ነሽ አሏት። ልጅአለም ከእንግዲህ ቢሮ ስንሄድ አንቺን ከፊት እናደርጋለን፣ እኛ ከኋላ ሆነን ጫማሽን እንይዛለን አለ። በማግስቱ ጠዋት አስሩም ቤት ቦዩ ራስ ላይ ተሰበሰበ። ውሃው ከበሩ በላይ ሞልቶ ቆሟል። ሙሽሪት ባለተራ ናትና ዶማዋን ይዛ ቀረበች።

በረኛው ጤና ይስጥልኝ አለ። የልክ ድርሻ ጥያቄ ደርሷል አለ። ጠያቂ አንጓች ብሎ ስሟን ጠራ፤ ሰዉ እሷን አየ፤ እሷም ነጠላዋን አጠበቀች። ስሌት ተጀምሯል አለ።

«ነጥብ። አንድ።»

ትንሽ ቆየ።

«ዘጠኝ» አለ። «ዘጠኝ። ዘጠኝ።»

ድምፁ የሰው ድምፅ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። እያንዳንዱን ዘጠኝ እንደ አዲስ ነው የሚለው። ሰዉ ፈገግ አለ። ልጅአለም ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው ይላል ያገሬ ሰው ብሎ አሳቃቸው። ቆመው ጠበቁ። ቆይተው ተቀመጡ። ፀሐይ ስትጠነክር ወደ ጥላ ገቡ። ከበሩ በላይ የሞላው ውሃ ከአፉ አልፎ በጎን በኩል ወደ ታችኛው ቋት መውረድ ጀመረ። ማንም ተራ አልጀመረምና ውሃው የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ ውሃ ቀሪ ነው። ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ ስድስት እጅ አይደለም የወረደው፤ ሁሉም ነው የወረደው።

ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ነበር። ሦስተኛው ላይ መቀለድ ቀረ። ሙሽሪት በሩ ፊት ቆማ፣ እንደ ሰው እያናገረችው፣ ተወው በቃ፣ የድሮዋን አንዷን እጅ ስጠን አለችው። በረኛው ዘጠኙን ሳያቋርጥ በሌላ ድምፅ መለሰላት። በሥራ ላይ ያለ ጥያቄ አይቋረጥም አለ። ምክንያቱን ለመስማት ምክንያት ይበሉ አለ። ሙሽሪት ምክንያት አለች።

ያን ጊዜ ከብረቱ ውስጥ የአያ መከተ ድምፅ ወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት የተናገሩት ነው። ጉሮሯቸውን መጥረጋቸው ሳይቀር አለ።

«የአንዱ ሳያልቅ የሌላው አይጀምርም። ሰው ቢሞት እንኳ አይጀምርም። ሕጋችን ይኸው ነው።»

ሽማግሌው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም ነበርና መጀመሪያ ማን ነው ይህ ብለው ዙሪያቸውን አዩ። ሲገባቸው አንገታቸውን ደፉ። ያ ንግግር ሲነገር ኩራት የነበረበት ንግግር ነው። ኩራቱ አሁንም ድምፁ ውስጥ አለ።

ልጅአለም ዶማውን አነሳ። በሩን የነካ ሰው መታወቂያው እንደሚዘጋ፣ መታወቂያው የተዘጋ ሰው ጨው እንኳ እንደማይሸጥለት ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ይሁን፣ እኔ ልዘጋ አለ። ዶማውን ከራሱ በላይ እንዳደረገው አያ መከተ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«የማን ተራ ነው ልጄ?»

ልጅአለም ተራዎቹን በልቡ ቆጠረ። የሙሽሪት አይደለም፣ ገና አልተጀመረም። የአንጓችም አይደለም። የእሱም አይደለም። ከሬሳ ላይ ውሃ ያልነጠቀ አገር ልጅ ነው፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ተራ ላይ እጁ እንዴት ይነሳ። ዶማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ብረቱ ዘጠኝ አለ።

 አንጓች በማግስቱ ከተማ ሄደች። ኤልዳና እንዳየቻት ከወንበሯ ተነሳች፤ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ይቁም ብላ ራሷ ጥያቄ አስገብታለች፤ አንጓች ከመምጣቷ በፊት፣ ወሬውን ሰምታ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል። ተራው ግን ከአንጓች ጥያቄ ቀጥሎ ነው።

«የእኔ መቼ ያልቃል?» አለች አንጓች፤ እንደ ለመደችው ነበር የጠየቀችው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አንጓች ፊቷን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው የኖረችውን የቢሮ ፊት ፈለገችበት፣ ያን ነገ ተመለሽ የሚለውን፤ አልነበረም። አያልቅም ማለት አያልቅም ማለት የሆነበት ፊት ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኤልዳና አለቃዬን ጠይቄያለሁ፣ አለቃዬም አለቃውን ጠይቋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሰው አይደለም አለች። ሌላ የገባ ባለጉዳይ እስኪጠራት ድረስ እንዲሁ ተቀምጠው ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ጭልቃ ውሃ በጀሪካን ሆነ። ከምንጩ ይቀዳሉ፣ በጀርባ ያመጣሉ፣ ከሽንኩርቱ ስር በጣሳ ያንቆረቁራሉ። አንዲት ሴት በጀርባዋ ማሳ አታጠጣም፤ መደብ ታጠጣለች። እያንዳንዱ ቤት ሊያድን የሚችለውን ሁለት ሦስት መደብ መረጠ፤ የቀረውን ላለማየት ፊቱን ያዞራል። አንጓች የእሷን ጀሪካን መጀመሪያ ለሙሽሪት መደብ ታፈስስ ነበር። ሙሽሪት አትከለክላትም፣ አታመሰግናትም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታው አጠረ፤ እንዴት አደርሽ ይሏታል፣ ልጆችሽ እንዴት ናቸው የሚለው ቀርቷል። በዚያ አገር ይህ ብዙ ነው።

ዘጠኙን ደግሞ ለመዱት። ጠዋት ዶሮ ከመጮሁ በፊትም አለ፣ ማታም አለ። ልጆች ሲጫወቱ በእሱ ምት ይዘላሉ። ጓንታቸውን አድርገው ከዘጠኝ በኋላ ሀ ይላሉ፤ በረኛው ግን ሀን አያውቅም። ሙሽሪት ጥጥ ስትፈትል እንዝርቷ በድምፁ ልክ እንደሚዞር አንድ ቀን ራሷ ተገነዘበችና ፈትሉን ትታ ተነሳች። አያ መከተ ከበሩ አልራቁም። ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ምን ይሰማሉ ሲሏቸው እንግዲህ ለብረቱ ሌላ የማስተምረው ካለ እንደሆን ብዬ ነው ይላሉ። በትራቸውን አምጥተው በድሮው ቦታ ተክለውት ነበር፤ ጥላው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በደንብ ይሄዳል፤ የሚያየው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰማይ ቆጣሪው በመጋቢት አለፈ። ድምፅ የለውም፤ ያለፈ መሆኑ የሚታወቀው መታወቂያቸው ሲነዝር ነው። የአስሩም ነዘረ። ጦም ያደረ። ሙሽሪት ያዳነቻቸውን ሦስት መደቦች ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም ነበር። የሰፊው እርሻ ሰዎች ሲመጡ እነሱም ጨዋዎች ነበሩ፤ ጎጆዎቹን አልነኩም። የብረቱን በር ሊነቅሉት ሞክረው ተዉት፤ በሥራ ላይ ያለ ጥያቄ ስላለበት አይነቀልም ተባሉ። ከወንዙ ሌላ መስመር በቧንቧ አወረዱና ቦይዋን ዞረዋት አለፉ።

ልጅአለም ታች መስኮት የሌላቸው ቤቶች ዘንድ ጥበቃ ተቀጠረ። ለበዓል ሲመጣ አንጓችን ሊጠይቅ ገባ። ውስጡ ይሞቃል አለ፤ በሌሊት ግድግዳው ላይ ጆሮህን ብታደርግ ውሃው ሲወርድ ይሰማል አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ የእኛ ዘጠኝ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ እያፈላለግሁ ነው፣ ካገኘሁት አንዱን ግባ እለዋለሁ አለ። ሁለቱም ሳይስቁ ቀሩ። ሊወጣ ሲል፣ ያንን አንድ ተኩል የምትባለዋን ነገር ከኤልዳና ሰምቻለሁ አላት። ሌላ አልጨመረም። አንጓችም አልተከላከለችም። ከአስር አንዱ ነበር ድርሻችን አለች ብቻ፤ አሁንም ያው ነው።

አሁን እሷ ናት በሩ ፊት የምትቀመጠው። አያ መከተ አልጋ ላይ ውለዋል፤ ድምፃቸው ግን ምክንያት ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ከብረቱ ይናገራል። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ሲሏት የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ መልሱ ሲመጣ ማን ይቀበለው ትላለች። ይህን የምትለው ሳይገባት አይደለም፣ ነገሩ ከገባት በኋላ ነው። አያልቅም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቃለች። ቢሆንም ጥያቄዋን ትታ የሄደች ቀን፣ ዘጠኙ ለማንም የሚባል ዘጠኝ እንዳይሆን ትፈራለች።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጭልቃ በላይ ጥቁር ደመና መጣና ፀሐይዋን ከደናት። ከፀሐይ የሚያጠራቅመው የበሩ መብራት በደመናማው ሰሞን ተሟጦ ነበርና ደከመ። ድምፁ ተቋረጠ።

አንጓች መጀመሪያ ምን እንደጎደለ አላወቀችም። ከዚያ ወንዙን ሰማችው፤ ለካ ወንዝ ድምፅ አለው። ከማዶ ሰው ሲጠራራ ሰማች። ከጎጆዋ ሙሽሪት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደዚህ ታያለች። አንጓች ብድግ አለች። ዶማዋ አጠገቧ ነበር፤ ያ ማሳ የእሷ ካልሆነ ቆይቷል፣ ግን ዶማዋን ይዛ ነው ሁልጊዜ የምትመጣው። አነሳችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ውሃ ልትመራ እንደምትወርድ ሴት። ትንፋሿን ያዘች።

ደመናው አለፈ።

«ዘጠኝ» አለ በረኛው።